ፈተናው የማን ነው?

 

የዛሬው ማስታወሻ የሚጀምረው ከዉዱእ ቦታ ነው።

ባቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ እያልን የምንጠራት፣ የደምበል ሐይቅ ዳር ከተማ። ጁሙዓ ቀን፣ ኹጥባ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ማጠብ ሲጀምር ክንዱ ላይ ሰፋፊ ነጫጭ ምልክቶች አየሁ። ለምጥ ነው።

ምንም አላልኩም። ፊቴንም አላጠቆርኩም። ብቻ ራቅ ያለ ቧንቧ ሲለቀቅ ብድግ ብዬ ወደዚያ ሄድኩ። ተራ ነገር ነው፤ ሰው ቦታ ይቀይራል። ግን ቀና ስል ዓይናችን ተገጣጠመ። ልጁ አልተቆጣም። ክንዱ ገና እርጥብ እንደሆነ እጅጌውን ጎትቶ አወረደው።

የዚያን ቀን ኹጥባ ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም። ያ እርጥብ እጅጌ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ልጁን ማስተዋል ጀመርኩ። ሁልጊዜ ኢቃማ ከተባለ በኋላ ይገባል። በመጨረሻው ሶፍ ጥግ ላይ ይቆማል። ኢማሙ እንዳሰላመተ፣ ሰው እርስ በርሱ መጨባበጥ ሳይጀምር፣ ጫማውን ይዞ ይወጣል። «ይሄ ልጅ ደግሞ ስንፍናው!» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። ስንፍና እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ዝም አልኩ።

እንዲህ ያለ ወጣት ሲያጋጥመን ሁላችንም የምንለው አንድ ቃል አለ። «ፈተና ነው፣ ሶብር አድርግ» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኛል፤ ፈተናው የማን ነው? የእሱ ብቻ ነው?

መጀመሪያ ሕመሙን በስሙ እንወቀው። ለምጥ የሚመጣው ሰውነትን እንዲጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ሲያጠቃ ነው። ግማሽ በሚያህሉት ሰዎች ላይ የሚጀምረው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሶሪያሲስ ደግሞ የቆዳ ሴሎች በወር ገደማ መተካት ሲገባቸው በጥቂት ቀናት እየተተኩ ቆዳው የሚወፍርበትና ቅርፊት የሚያወጣበት ሕመም ነው። ችፌን የያዘው ሰው ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ሦስቱም ለዓመታት የሚቆዩ፣ ሻል ብለው ተመልሰው የሚመጡ ናቸው። ሦስቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። በመጨባበጥ አይያዙም፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይያዙም፣ በአንድ መስገጃ ላይ በመስገድ አይያዙም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሶሪያሲስ ውሳኔ ሲያሳልፍ ስለ ቆዳው ብቻ አልተናገረም፤ ሕመሙ በሰው መንፈስና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ለሚያሳድረው ጫናም እውቅና ሰጥቷል።

ዕድሜውን አስበው። ሰው ራሱን በሌላው ዓይን ማየት የሚጀምርበት፣ ሥራ የሚፈልግበት፣ ለኒካሕ የሚታጭበት ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ጠዋት ከንፈርህ ዳር ወይም ጣትህ ላይ ነጭ ነጥብ ታያለህ። ከወር በኋላ ሁለት ትሆናለች። ከዚያ ቀንህ በሒሳብ ይሞላል። የትኛው ልብስ ይሸፍናል? ፎቶ ላይ በየትኛው ጎን ልቁም? ጓደኞቼ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ምን ብዬ ልቅር? ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እጇን የሰበሰበችው በእኔ ምክንያት ነው ወይስ ቦርሳዋን ልትይዝ? ምልክቱ ያለው ክንድ ላይ ነው። የሚያደክመው ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን መቁጠሩ ነው።

እህቴ፣ ባንቺ በኩል ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጓንት የምታደርግ ልጅ አይተሽ «ማሻአላህ፣ ዲኗ እንዴት ደስ ይላል!» ትያለሽ። ልጅቷ ግን ጓንቱን ያደረገችው በጣቶቿ ላይ ያለውን ሶሪያሲስ ልትሸፍን ሊሆን ይችላል። ምስጋናሽን ስትሰማ በሁለት በኩል ትጎዳለች። ሕመሟን ደበቀች፣ ባልሆነችው ነገር ደግሞ ተመሰገነች። ማታ ጓንቱን ስታወልቅ ሁለቱም አብረው ይጠብቋታል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው አንድ ታሪክ አለ፤ የበኒ ኢስራኢል ሦስቱ ሰዎች። አንዱ በረስ ያለበት፣ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ ዓይነ ስውር። አላህ ሊፈትናቸው መላኢካ ላከባቸው። መላኢካው መጀመሪያ የመጣው በረስ ወዳለበት ሰው ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

የሰውየውን መልስ ቀስ ብለህ አስተውለው። ሕመም አለብኝ አላለም። ያማረ ቀለምና ያማረ ቆዳ ጠየቀ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሰዎች እንደሚጸየፉት ተናገረ። የሚያመውን ያውቃል። ያመመው የሰው ፊት ነው።

መላኢካው ምን አደረገ? «ውበት ፈላጊ» ብሎ አልገሠጸውም። «ዋናው ልብ ነው» ብሎ አላለፈውም። «ከአንተ የባሰ አለ» አላለውም። ዳበሰው፤ ጸያፍ ያስባለው ነገር ሄደለት፣ ያማረ ቆዳም ተሰጠው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲነግሩን የሰውየውን ስብራት እንደ ቀላል ነገር አላሳለፉትም። እኛስ? አንድ ወጣት «ሰው ይሸሸኛል» ሲለን ቃሉን ሳይጨርስ «ኧረ ተው፣ አንተ ነህ እንዲህ የምታስበው» እንለዋለን። እሱ የሚያየውን እኛ ሐሰት አደረግንበት ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ከጊዜ በኋላ ያ መላኢካ ተመልሶ መጣ። በማን መልክ? ሰውየው ድሮ በነበረበት መልክ፣ በረስ ያለበት ድሃ ሆኖ። በመንገድ ስንቅ አልቆብኝ ነው፣ ቆዳህን ባሳመረልህ ጌታ ስም አንድ ግመል እርዳኝ አለው። ሰውየው ያለብኝ ብዙ ነው ብሎ መለሰው። መላኢካውም ድሮ ሰው የሚጸየፍህ፣ በረስ ያለብህ ድሃ አልነበርክም ወይ ብሎ አስታወሰው። እሱ ግን ሀብቱን ከአባት ከአያት የወረስኩት ነው አለ። ያ ሰው የወደቀው ቆዳው ባማረበት ጊዜ ነው። በረስ ሳለበት ስለ መውደቁ ታሪኩ አንድም ነገር አይልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ፈተናው የሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ጥያቄው ከተያዘው ልጅ ይልቅ በጤነኛው ፊት ቆሟል። ያ ልጅ ከጎኔ ሲቀመጥ የተፈተንኩት እኔ ነበርኩ፤ ቧንቧ ቀይሬ ወደቅሁ።

«ግን ከሥጋ ደዌ ከአንበሳ እንደሚሸሽ ሰው እንድንሸሽ የሚያዝ ሀዲስ አለ» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሰሒሕ ሀዲስ ነው። የሚናገረው ግን ስለ ጁዛም፣ ማለትም ስለ ሥጋ ደዌ ነው። በዚያው ሀዲስ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መተላለፍ የለም የሚል ቃል አለ። ብዙ ዑለሞች ሁለቱን ሲያስታርቁ በሽታ በራሱ ኃይል፣ ያለ አላህ ፈቃድ አይተላለፍም፣ ሰው ግን ሰበቡን ይጠንቀቅ ብለዋል። እንግዲህ መጠንቀቅ ምክንያት አለው። ምክንያቱ በሌለበት፣ በለምጥ፣ በሶሪያሲስ፣ በችፌ መሸሽ ምን ይባላል? ያ መጸየፍ ነው። ጥንቃቄ ምክንያቱ ሲያልቅ ያበቃል። መጸየፍ ግን ምክንያቱ ካለቀም በኋላ ይቀጥላል።

ይህን በአገራችን በዓይናችን አይተነዋል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። ከባቱ ወደ ደቡብ ስትወርድ ሻሸመኔም ለዚሁ በሽታ ተብሎ የተከፈተ ሆስፒታል ነበራት። ዛሬ ሥጋ ደዌ በጥቂት ወራት መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በነጻ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ነገር ግን በሁለቱም ሆስፒታሎች ዙሪያ ከዳኑ በኋላ ወደ ቀያቸው ያልተመለሱ ሰዎች ሰፈር መሥርተው ቀሩ። ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ወጥቷል። የጎረቤት ዓይን ግን አልዳነም። ያ ፍርሃት ዛሬ ለምጥ ባለባት ልጅ ላይ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ለምጥንና ሥጋ ደዌን አንድ አድርጎ ያያልና። ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ «አለርት ለቆዳዬ ታክሜ መጣሁ» ማለት የሚከብደው ወጣት አለ።

የምልክቱ ክፋት በራሱ በምልክቱ ውስጥ እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች የራሳችንን ጥርስ እንይ። ከወንጂ እስከ ባቱ፣ ከዚያም ወዲያ፣ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው በሊትር 1.5 ሚሊግራም የሚያልፍበት ብዙ ቦታ አለ። ጥርሳችን በልጅነት ሲሠራ ያ ውሃ ቡኒ ቀለም ይተውበታል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ጥርሱ ቡኒ ስለሆነ የሚሸሽ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የለም። ምን አጥፍቶ ነው የሚል የለም፣ ሲሕር ነው የሚል የለም። ሁላችንም አለብና። ያው ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይጀምራል። ጥርሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ዙሪያው ነው። እኔና አንተ ሐሳባችንን ሰው ላይ ሳንጭን ምልክት ይዞ መኖር ይቻላል ማለት ነው፤ እዚሁ ቤታችን እየተደረገ ነው።

ኡወይስ አልቀረኒን ታውቀዋለህ። የየመን ሰው ነው፣ ለእናቱ ባደረገው በጎነት የሚታወቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዓይን ሳያዩት ለዑመር (ረ.ዐ) ስለ እሱ ነገሯቸው፤ ካገኘኸው ምሕረት እንዲለምንልህ አድርግ አሏቸው። ሙስሊም በዘገበው መሠረት መለያው ምን ነበር? በረስ ነበረበት፣ ዳነ፣ የዲርሃም ያህል ቦታ ግን ቀረበት። ዑመር ከየመን የሚመጡትን ሰዎች እየጠየቁ ሲፈልጉት ከምልክቶቹ አንዱ ይህ ነበር። እኛ እጅጌ የምናስወርድበትን ነገር ታላቁ ኸሊፋ ዱዓእ ለማስደረግ ይፈልጉት ነበር። ከዚህ ታሪክ በኋላ «ይህ የወንጀልህ ዋጋ ነው» ብሎ በሰው ቆዳ ላይ የሚፈርድ ምላስ ከየት ይመጣል?

የኒካሕ ነገር ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር። የፊቅህ ሊቃውንት ብዙዎቹ በረስን ትዳር ላይ መደበቅ ከሌለባቸው ነገሮች ቆጥረውታል። አንዳንዱ ይህን ይዞ «አየህ፣ ሸሪዓውም ነውር ነው ብሏል» ይላል። ሕጉ የሚጠብቀው ሰው ሳያውቅ እንዳይገባ ነው፤ አውቆ የወደደን ሰው ከልክሎ አያውቅም። ስለዚህ ያለብህን ለምታጫት ንገራት፣ አንቺም ንገሪው። የተነገረውም ሰው አይሆንልኝም የማለት መብት አለው። የሌለው መብት ምስጢሩን ይዞ ሰፈር ውስጥ ማዞር ነው። ከኒካሕ የቀረች ልጅ ትጽናናለች። በየቡናው ላይ ክንዷ ሲወራ የሰማች ልጅ ግን ለሚቀጥለው ሰው እውነቱን ለመናገር አቅም ታጣለች።

አሁን ለአንተ፣ እጅጌህን ለምታወርደው ወንድሜ፤ ለአንቺም እህቴ።

ማዘንህ የኢማን ጉድለት አይደለም። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ሐዘናቸውን ለአላህ አሰምተዋል። አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህም ታጋሽ ብሎ መሰከረላቸው። ሶብር ማለት አለመታመምን ማስመሰል ቢሆን ኖሮ እነሱ ታጋሽ ባልተባሉ ነበር።

ሕክምናውን አትተው። ጓደኛህ የሰጠህን ወይም ያለ ማዘዣ የገዛኸውን ቅባት ዝም ብለህ አትቀባ። ውስጣቸው ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች አሉ፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሲቆሙም ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። ለምጥ ካለብህ ነጩ ቆዳ ከፀሐይ የሚጠብቀው ቀለም ስለሌለው በቶሎ ይቃጠላል፤ በባቱ ፀሐይ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ጥሩ ነው። ግን እጅጌውን ለፀሐይ ብለህ ልበሰው፣ ለእኛ ብለህ አይሁን። ሩቅያ ብታደርግ ኸይር ነው፤ ሩቅያ ሐኪምን አይከለክልም። ሲሕር ነው፣ ጂን ነው እያለ ገንዘብህንና ተስፋህን የሚበላውን ግን ተጠንቀቅ። ሐዘኑ ከብዶ መኖርን እስከመጥላት ካደረሰህ ለብቻህ አትያዘው። ለምታምነው ሰው ንገር፣ የአእምሮ ሐኪምም ጋ ሂድ። ለቆዳህ መታከም ነውር ካልሆነ ለልብህ መታከምም ነውር አይደለም።

ለእኛ ለቀረነው ደግሞ የሚጠበቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ስታየው ዓይንህን ምልክቱ ላይ አታቁም፤ ፈርተህ ዓይንህን አትሽሽም። ፊቱን እይ። መድኃኒት አትዘዝ፤ ያንተን ምክር የሰጠው ሰው ከአንተ በፊት ሃያ አለ። «ምን ሆነህ ነው?» ከማለትህ በፊት «ሥራ እንዴት ነው? እናትህ ደህና ናቸው?» በለው። ትሪው ሲቀርብ እጅህን ከእሱ እጅ ጋር አስገባ። ይህን ያህል ነው።

የባቱውን ልጅ ነገር ልጨርስ። ከብዙ ጁሙዓ በኋላ አንድ ቀን ሆን ብዬ ዘግይቼ ገባሁ፤ በመጨረሻው ሶፍ ጥግ ከእሱ ጎን ቆምኩ። በእኛ መካከል አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እሱ ነው የተወው። ሰው ከመሸሹ በፊት ቀድሞ መሸሽን ተምሯል። ክፍተት እንዳይተው እየታዘዝን ያደግነው ሶፍ ውስጥ ያችን ክፍተት ያስተማርነው እኛ ነን። ተጠጋሁ፤ ትከሻችን ተነካካ። መጀመሪያ ሰውነቱ ደነገጠ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ትከሻው ረገብ ሲል ተሰማኝ። ሲሰላመት እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ ዘግይቶ ጨበጠኝ። ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር፤ ቃሉ አልመጣልኝም። «ሳምንት እዚሁ» አልኩት። ፈገግ አለ።

ዛሬም ጁሙዓ ነው። መስጊድ ስትገባ ጥጉን አንዴ ተመልከት።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ የተሰበረውን ልብ ይጠግን፣ የእኛንም ዓይን ያድንልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።